በእጅ ስለሚሠራ የሥዕል ካርድና ኦቲዝም ስላላቸው ሕፃናት

በኢትዮጵያ በመስከረም 1 ቀን፣ በእንቍጣጣሽ ዕለት፣ ልጆች አበባና ፀሐይ፣ ወፍና መልአክ በወረቀት ላይ ሥለው ወደ ዘመድና ወደ ጐረቤት ቤት ይዘው መሄዳቸው የቈየ ልማድ ነው። ሥዕሉን የተቀበለውም ባለቤት ልጁን መርቆ ዳቦ ወይም ጥቂት ገንዘብ ይሰጠዋል። በዚህ ልማድ ውስጥ ሦስት ነገር ይገኛል፤ ይኸውም የልጅ እጅ ሥራ፣ ከደጅ ወደ ደጅ የሚሄድ የመልካም ምኞት ቃል፣ ከተቀባዩም የሚመለስ ስጦታ ነው። በሌላው ዓለም የሰላምታ ካርድ የሚባለውም ከዚህ እጅግ የራቀ ነገር አይደለም። ስለዚህ ካርድ መሥራት ለመንደር ትምህርት ቤት እንግዳ ሥራ ሊባል አይገባውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚገለጸው፣ ይህ የታወቀ ልማድ ለአንድ ብርቱ ችግር መርጃ እንዴት ሊውል እንደሚችል ነው። ችግሩም ኦቲዝም ያላቸው ሕፃናት በየቤቱ ተሸሽገው መቅረታቸው ነው። አባትና እናት ጐረቤት ምን ይለናል ብለው ልጁን ከሰው ዐይን ያርቁታል፤ ጐረቤትም ስለማያየው አያውቀውም፤ ስለማያውቀውም ይፈራዋል፤ ፍርሃቱም ተመልሶ ወላጆቹን የበለጠ እንዲሸሽጉት ያደርጋቸዋል። ይህ የተያያዘ ሰንሰለት ከአንድ ስፍራ ካልተበጠሰ ልጁ ያለ ትምህርትና ያለ ባልንጀራ ያድጋል። በእጅ የተሠራ ካርድ ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ከሚረዱት ትንንሽ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን የሚረዳው እውነትን የተናገረ እንደ ሆነና ልጁ ራሱ እጁን ያገባበት እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ስለ ኦቲዝም ምንነት

ኦቲዝም ማለት ከሕፃንነት ጀምሮ በአንጎል አስተዳደግ የሚመጣ የጠባይና የአነጋገር ልዩነት ነው። ቃሉ የወጣው «አውቶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ትርጓሜው «ራስ» ማለት ነው። ምልክቱ በልጆች ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ስሙ ሲጠራ ዘወር አይልም፤ ሌላው ዐይን ለዐይን መተያየትን ይሸሻል፤ አንዱ አፉን ሳይፈታ ይዘገያል፤ ሌላው የሰማውን ቃል መላልሶ ይናገራል። እጁን የሚያርገበግብ፣ ጠጠር ወይም ቆርኪ በመስመር ሲደረድር የሚውል ይገኛል። የከበሮ ወይም የመኪና ድምፅ እንደ ሕመም የሚያስጨንቀው አለ፤ የዘወትር መንገዱ ወይም የምግቡ ሰዓት በተለወጠ ጊዜ አምርሮ የሚያለቅስም አለ። ከነዚህም መካከል በሕይወታቸው ዘመን ሁሉ ብዙ ረድኤት የሚያሻቸው አሉ፤ ተምረው በሥራቸው የሚተዳደሩም አሉ።

ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1925 ግሩንያ ሱኻሬቫ የምትባል ሐኪም በሞስኮ ስድስት ወንዶች ልጆችን መርምራ ጠባያቸውን በዝርዝር ጻፈች። በ1943 ደግሞ ሊዮ ካነር የሚባል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሆኖ የ11 ልጆችን ታሪክ ባወጣ ጊዜ ነገሩ በዓለም ሐኪሞች ዘንድ እየታወቀ ሄደ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመቶች አንዳንድ ሊቃውንት የልጁ ጠባይ የመጣው እናቲቱ ፍቅር ስለ ነሣችው ነው እያሉ ብዙ እናቶችን በሐሰት ወቀሱ። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የሚባል ሊቅ፣ እርሱም ኦቲዝም ያለው ልጅ አባት ነበረ፣ መጽሐፍ ጽፎ ይህን ወቀሳ ተቃወመ። ኋላም የተደረጉት ምርመራዎች በዘር የሚወረስ ነገር በኦቲዝም ላይ ብዙ ድርሻ እንዳለው አስረዱ። እንግዲህ የእናት ኀጢአት፣ የጐረቤት ዐይን፣ የርኩስ መንፈስ ሥራ ወይም ርግማን አይደለም፤ ከልጅ ወደ ልጅም አይተላለፍም።

በ1998 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሚታተም የሕክምና መጽሔት ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጽሑፉም ሐሰት ሆኖ ስለ ተገኘ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ስለዚህ ኦቲዝምን ፈርቶ ልጅን ከክትባት ማራቅ ልጁን ለኩፍኝና ለሌላም ደዌ አሳልፎ መስጠት እንጂ መጠበቅ አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2021 በዓለም ከሚገኙት ሰዎች ከ127 አንዱ ያህል ኦቲዝም ያለው ነበር። ይህም ቍጥር የሚያስረዳው ነገር የአንድ ቤት ወይም የአንድ ጐሣ ጕዳይ አለመሆኑን ነው። ባንድ መንደር እንዲህ ያለ ልጅ የለም የተባለ እንደ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ልጁ ስለማይታይ ነው እንጂ ስለሌለ አይደለም።

በኢትዮጵያ ስለ ተጀመረው ሥራና ስለ መታሰቢያው ቀን

በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኒያ ፋውንዴሽን የሚባለውን ድርጅት አቋቁመው፣ በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። ይህም ማዕከል በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። ወይዘሮ ዘሚ ራሳቸው ኦቲዝም ያለው ልጅ እናት ነበሩ፤ እስካረፉበት እስከ 2021 ድረስም እናቶች ልጆቻቸውን እንዳይሸሽጉ በአደባባይ ሲመክሩ ኖረዋል። ከሥራቸው የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፤ ማዕከል ከመከፈቱ በፊት ነገሩ በግልጥ መነገር ነበረበት።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 ባደረገው ውሳኔ፣ ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኤፕሪል 2፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መጋቢት 24 ቀን፣ የኦቲዝም መታሰቢያ ሆኖ ይውላል። ይሁን እንጂ በከተማ የሚደረገው ስብሰባ ድምፁ ወደ ገጠር ሁሉ አይደርስም። ወደ ገጠር ቤት የሚደርሰው የመምህሩ ቃል፣ የሽማግሌው ምክርና በልጅ እጅ ተይዞ የሚሄድ ወረቀት ነው።

ካርድ ለረድኤት ስለ መዋሉ

በሕፃን እጅ የተሠራ ሥዕል ብዙ ረድኤት ማስገኘቱ የታወቀ ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ፣ ዩኒሴፍ የሚባለው፣ በቼኮዝሎቫኪያ አገር ሩዶልፎ የምትባለውን መንደር ረድቶ ነበር። በዚያች መንደር ዪትካ ሳምኮቫ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ምስጋናዋን ለመግለጽ ልጆች በደስታ ሲጫወቱ የሚያሳይ ሥዕል ሣለች፤ ወረቀትም ስላልነበረ የሣለችው በመስታወት ላይ ነው። ይህ ሥዕል በ1949 የዩኒሴፍ የመጀመሪያው ካርድ ሆኖ ታተመ። ከዚያ ወዲህ የዩኒሴፍ ካርድ በብዙ አገሮች ተሸጦ ለሕፃናት መርጃ የሚሆን ገንዘብ አስገኝቷል።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ሊስተዋል ይገባል። ፊተኛው፣ ዕቃ ማጣት ሥራውን አለመከልከሉ ነው። ሁለተኛው፣ ሥዕሉ የልጅቱን መከራ ሳይሆን ደስታዋን ማሳየቱ ነው። ሰው የሚያዝንለትን ልጅ አንድ ቀን ይመጸውተዋል፤ የሚያውቀውንና የሚወደውን ልጅ ግን ሁልጊዜ ያስበዋል።

በካርዱ ላይ ስለሚሣለው ምልክት

በ1963 በእንግሊዝ አገር የነበረ የወላጆች ማኅበር ለኦቲዝም ምልክት እንዲሆን የመገጣጠሚያ ጨዋታ ቍራጭ መረጠ፤ በቍራጩም ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን ተሥሎበት ነበር። ምልክቱ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ኋላ ግን ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች አድገው ስለ ራሳቸው መናገር በጀመሩ ጊዜ ብዙዎቹ ተቃወሙት። ስለ ምን ቢሉ፣ ምልክቱ እነርሱን ያልተፈታ እንቈቅልሽና የጐደለ ነገር አስመስሎ ያሳያልና ነው። ብዙዎቹም በዚያ ፈንታ መጨረሻ የሌለውን ነገር የሚያመለክት፣ ተኝቶ እንደ ተጻፈ 8 ያለ፣ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ምልክት ይመርጣሉ።

የመንደር ትምህርት ቤት ግን ከሩቅ አገር ምልክት መዋስ ግድ የለበትም። ከሁሉ የሚሻለው ልጁ ራሱ የሚወደውን ነገር መሣል ነው። ዶሮ የሚወድ ልጅ ቢኖር ዶሮ፣ መንኰራኵር የሚወድ ቢኖር መንኰራኵር ይሣል። ድግግሞሽ የሚወድ ልጅም በብራና መጻሕፍት ራስጌ እንደሚታየው ሐረግ ያለ ጌጥ በካርዱ ዳር ዳር ሊያደርግበት ይችላል፤ ሐረግ አንዱን መስመር መላልሶ በማጠላለፍ የሚያምር ነውና።

ስለ ካርዱ አሠራር

ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሳንቲ ሜትር የሆነው የተለመደ የጽሕፈት ወረቀት ከቁመቱ እኵሌታ ላይ ሲቈረጥ ሁለት ይሆናል። እያንዳንዱም ቍራጭ ለሁለት ሲታጠፍ ወርዱ 10.5፣ ቁመቱ 14.8 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ካርድ ይወጣዋል። ስለዚህ 25 ወረቀት ለ50 ካርድ ይበቃል። ወረቀቱ ስስ የሆነ እንደ ሆነ የሥዕሉ ገጽ ከዕቃ ካርቶን በተቈረጠ ደረቅ ወረቀት ላይ ይለጠፋል።

ወረቀት ከጥቃቅን የተክል ጭረት የተሠራ ስለ ሆነ በግድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስቀድሞ በማስመሪያ ዳር የደነዘዘ ወስፌ ወይም የቢላ ጀርባ በቀስታ እየጐተቱ፣ ሳይቈርጡ መስመር ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በመስመሩ ላይ አጥፎ በማንኪያ ጀርባ መጫን ነው።

ማጣበቂያውን በቤት መሥራት ይቻላል። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት እንዳይጓጕል በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ቀጥሎም በአራት ስኒ ፈላ ያለ ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመርና እስኪወፍር ድረስ በእሳት ላይ ይቈያል። ሲቀዘቅዝ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ይህ ማጣበቂያ በጥቂት ቀን ስለሚበላሽ ለአንድ ሳምንት ከሚበቃው የበለጠ መሥራት ብክነት ነው። የተለጠፈውም ወረቀት አንዱ ገጹ ረጥቦ ስለሚለጠጥ እንዳይጣመም፣ እስኪደርቅ ድረስ ከመጽሐፍ በታች ተጭኖ ያድራል።

ለቀለም ጥላሸትን በውኃ ከሟሟ የግራር ሙጫ ጋር መለወስ ጥቍር ይሰጣል፤ እርድ ብጫ ይሰጣል፤ ቀይ ሥር ተቀቅሎ ውኃው ቀይ ይሰጣል። የእርድና የቀይ ሥር ቀለም ግን በፀሐይ ስለሚለቅ ካርዱን ከፀሐይ ማራቅ ያሻል። ማኅተም ለማድረግ ድንች ለሁለት ከፍሎ፣ የሚፈለገው ቅርጽ ከፍ ብሎ እንዲቀር ዙሪያውን መቅረፍ፣ ገጹንም በጨርቅ አድርቆ ቀለም አስነክቶ ማተም ነው። ቢላ የሚይዘው መምህሩ ወይም ለአቅመ ሥራ የደረሰ ተማሪ ብቻ ነው።

ልጁ ራሱ ስለ መሥራቱ

ሥራው ሲከፋፈል ለሁሉም የሚስማማ እጅ ይገኛል። አንዱ ያጥፋል፤ አንዱ ያትማል፤ አንዱ ይለጥፋል፤ አንዱም አሥር አሥር እያደረገ ይቈጥራል። ኦቲዝም ያለው ልጅ ከእነዚህ መካከል ደስ የሚለውን እንዲመርጥ ይተዋል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ሥርዐቱ የማይለወጥ ሥራ ያረጋጋቸዋል። ስለዚህ በብዙ ቃል ከማስረዳት ይልቅ ዕቃዎቹን በሥራው ተራ ከግራ ወደ ቀኝ መደርደር፣ አንድ ጊዜም በዝግታ ሠርቶ ማሳየት ይሻላል። ስፍራው ጸጥ ያለ፣ ሰዓቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። የማጣበቂያው ርጥበት እጁን የሚያስጨንቀው ልጅ በትንሽ እንጨት ይቀባ፤ ወይም ይህ ክፍል ለሌላ ተማሪ ይሰጥ።

መምህሩ የልጁን እጅ በግድ ይዞ ማሠራት አይገባውም። ልጁ በአንድ ቀን አንድ ማኅተም ብቻ አትሞ ቢነሣ፣ ያ አንድ ማኅተም የሥራው ድርሻ ነው። የታተመውም ጠማማ ቢሆን መምህሩ ከኋላው ሆኖ ማቃናት የለበትም፤ የተቃናው ካርድ የመምህሩ ሥራ ይሆናልና። ጐረቤቱ ሊያየው የሚገባው ያ ልጅ በእጁ ያደረገውን ነው። አብረውት የሠሩትም ተማሪዎች ከስብከት ይልቅ ከዚህ ሥራ ብዙ ይማራሉ፤ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ወረቀት ያጠፈውን ልጅ በመንገድ ሲያገኙት ድንጋይ አይወረውሩበትም።

በካርዱ ላይ ስለሚጻፈው ቃል

የካርዱ ቃል አጭርና እውነተኛ መሆን አለበት። «በሽተኛ»፣ «ጕድለተኛ»፣ «የተረገመ» የሚል ቃል ከቶ አይጻፍበት። «ኦቲዝም ያለበት» ከማለትም «ኦቲዝም ያለው» ማለት ይሻላል፤ «ያለበት» የሚለው አነጋገር ደዌን ወይም ዕዳን ያስመስላልና። መድኃኒት ያድነዋል ብሎ መጻፍም ሐሰት ነው፤ ኦቲዝም በመድኃኒት የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ ልጁ ግን በትዕግሥት ሲያስተምሩት ይማራል።

ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ መልካም ነው።

«ይህን ሥዕል የሠሩት የመንደራችሁ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ኦቲዝም ያለው ልጅ አለ። ስሙን ስትጠሩት ዝም ቢል ንቆአችሁ አይደለም፤ ቀረብ ብላችሁ በዝግታ ጥሩት። ርግማን አይደለም፤ አይተላለፍም። ከልጆቻችሁ ጋር ይጫወት፤ ከልጆቻችሁም ጋር ይማር።»

የልጁ ስም ግን ወላጆቹ ሳይፈቅዱ አይጻፍ። መምህሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደ ቤታቸው ሄዶ ነገሩን ሊያስረዳቸውና ፈቃዳቸውን ሊቀበል ይገባል። ልጁም ሥዕሉ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥበት የፈለገ እንደ ሆነ ሥዕሉ ለእርሱ ይተውለት።

ካርዱን ስለ ማደልና ስለሚገኘው ረድኤት

ካርዱን ለማደል ሁለት ቀኖች ይመቻሉ፤ እነርሱም መጋቢት 24 ቀንና እንቍጣጣሽ ናቸው። የእንቍጣጣሹ ካርድ ትምህርት ቤት ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት መሠራት ይኖርበታል፤ በክረምትም ርጥበት እንዳያበላሸው በሣጥን ተዘግቶ ከመሬት ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጣል።

ከተቀባዮቹ መካከል ማንበብ የማይችሉ ብዙ ናቸው። የሽማግሌው ሥራ በዚህ ላይ ይጀምራል። በእድርና በማኅበር፣ በሰንበቴና ከመስጊድ መልስ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ ሁሉ ካርዱን ከፍ አድርጎ ቃሉን ያነባል፤ የተከበረ ሽማግሌ ያነበበው ቃል በመንደሩ ዘንድ ይሰማልና።

ረድኤት ሲጠየቅ ምን እንደሚፈለግ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። የሚያስፈልገውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። እናቲቱ ገበያ ውላ እስክትመለስ ከልጁ ጋር የምትቀመጥ ጐረቤት፣ ጧት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ታላቅ ተማሪ፣ በግብዣ ቀን ልጁን ከከበሮ ድምፅ ራቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ ባለቤት፣ እነዚህ ሁሉ ከገንዘብ አያንሱም። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የተባለው ለዚህ ይስማማል። ሸክሙ በአንዲት እናት ላይ ሲወድቅ ይሰብራታል፤ በመንደር ሲከፋፈል ግን ለማንም አይከብድም።

ገንዘብ የተገኘ እንደ ሆነ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ መምህር አንዱም የወላጆች ተወካይ ሆነው፣ የተቀበሉትን ሁሉ በደብተር ይጻፉ፤ ለምን እንደ ዋለም በሕዝብ ፊት ይነበብ። ገንዘቡ ለደብተርና ለቀለም፣ ለመንገድም ወጪ፣ ወይም ልጁን ወደ ሐኪም ለማድረስ ሊውል ይችላል። ሒሳቡ ያልተነበበ ልመና በሁለተኛው ዓመት ሰሚ ያጣል።

የሥራው ፍሬ በታደለው ካርድ ብዛትና በተሰበሰበው ብር ብቻ አይመዘንም። መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ከመዝገቡ ሊመረምር የሚገባው ሌላ ቍጥር አለ፤ ይኸውም ዐምና በቤት ተሸሽገው ከነበሩት ልጆች መካከል ዘንድሮ በክፍል የተቀመጡት ስንት ናቸው የሚለው ነው። አንድ ልጅ እንኳ መጥቶ ቢሆን ወረቀቱም ድካሙም በከንቱ አልቀረም። ማንም ያልመጣ እንደ ሆነ ግን ካርድ ማብዛት ብቻውን አይበቃም፤ መምህሩና ሽማግሌው ካርዱን ይዘው ወደዚያ ቤት ራሳቸው መሄድ፣ በሩንም ማንኳኳት ይገባቸዋል።